የወፎቹ ድርሻ

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከመደብ አልወርድ አሉ። ዓይናቸው ቀድሞውንም ፈዝዞ ነበር፤ «ምን አያለሁ ብዬ ልውጣ?» ይሉኝ ነበር።

ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ስለዚህ የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ ወፍ የሚወደውን ተከልኩ፤ ኮሶ፣ አንፋር፣ አስታ፣ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ ቀጋ። ጎረቤቴ ከሞላሌ ገበያ ሲመለስ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ሰው ባሕር ዛፍ ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ አንተ እሾህ ትተክላለህ» አለኝ። እልከኛ ነኝ፤ ውርጭ የፈጀውን ደግሜ ተከልኩ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ችግኙን ከበግ ስጠብቅ ኖርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ድንቢጦቹ መጡ፤ ዋነሶቹም ተከተሉ። አንድ ጠዋት አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይወጣሉ፤ እህልም ይቀምሱ ጀመር። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ኮራሁ።

በእኛ ቤት ከዘር የተረፈ ገብስ ወደ ጎታ አይመለስም፤ ለሰማይ ወፍ ይበተናል። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዚያን ዓመቱን ዘር ግን ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ለውሼበት ነበር። መድኃኒቱ ገብሱን ስለሚያቀላው፣ ያየ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። የተረፈውን በስልቻ ደጃፍ ላይ ጥዬ በሬዎቹን ውኃ ላጠጣ ወረድኩ።

ስመለስ ስልቻው ባዶ ነው። «ድርሻቸውን ሰጠኋቸው» አሉኝ አባቴ፣ ፊታቸው ፈክቶ። ከቀጋው ሥር ወፎቹ ረግፈዋል፤ አንዲት ዋነስ ገና ክንፏን ታርገበግባለች። መጀመሪያ የአባቴን እጅ በሳሙና አጠብኩ፤ ልቤ አላምን ብሎ ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ ወፎቹን ለቅሜ፣ የቀረውን ገብስ ከነአፈሩ ጠርጌ፣ አርቄ ቀበርኩ።

በማግሥቱ አባቴ እንደ ልማዳቸው ወጥተው ተቀመጡ።

«ዛሬ ዘገዩ» አሉ።

«ብርዱ ነው፣ አባዬ። ሲሞቅ ይመጣሉ።»

ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ግድግዳውም ሞቀ።

«ትናንት እጄን ሁለቴ ያጠብከኝ ለዚህ ነው?»

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። «አዎ» አልኳቸው።

እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። «በል ወደ ውስጥ አስገባኝ።»

አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲያ ደጁን ያለፉት በቃሬዛ ነው።