መርማሪ የሆንኩበት ሳምንት

ሊይዙኝ ሲመጡ የምወደውን ተከታታይ የወንጀል መጽሐፍ አራተኛ ክፍል እንደገና እያነበብኩ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ሻለቃው የሟቹን ጫማ ገልብጦ የሚያይበት ቦታ ደርሻለሁ። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የቀድሞ ተማሪዬ ስለነበር ዓይን ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ከሌሎች መምህራን ጋር አንድ አቤቱታ ላይ ፈርሜ ስለነበር ለምን መጣችሁ አላልኩም። መጽሐፉን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

እስር ቤቱ በር ላይ አንድ ረጅም ጥበቃ መጽሐፉን ተቀብሎ ገላለጠው።

«ስለ ምንድነው?»

«ስለ ፖሊስ።»

«ፖሊሱ ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«ይግባ» አለ።

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። አሥራ አንድ ሰው፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ በሩ አጠገብ የሽንት ባልዲ። እዚያ ቤት የሰው ክብር የሚለካው ከባልዲው በሚርቀው ርቀት ነው። እንደ አዲስ ገቢነቴ ባልዲው ጋ መተኛት ነበረብኝ። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የምንለው ከካምባ የመጣ ነጋዴ፣ መጽሐፉን ሲያይ ግን «ታነብልናለህ?» አለኝና መሀል ላይ ቦታ ሰጠኝ።

መጻሕፍቱ ሰባት ናቸው። ርዕሳቸውን አልጽፍም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ጥሩ የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ ንገረኝ የሚለኝ ሰው ካለ ግን ከእነሱ ሌላ አልጠራለትም። ባለታሪኩ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሚስቱ ጠዋት ማታ የምትቆጣው አንድ ሻለቃ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሌባ እያባረረ አጥር ይዘላል፤ በአምስተኛው ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፋል። በሁለተኛው ያስቀየመው ሰው በስድስተኛው በሕልሙ ይመጣበታል። ተከታታይ መጽሐፍ የምወደው ለዚህ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር አብሮ መክረም ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ሻለቃው ሁሉንም አንድ ቤት ይሰበስብና ማስረጃውን ደርድሮ አንዱን በጣቱ ይጠቁማል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሁሉን ሰው ሲያዝለው፣ አነብላቸው ጀመርኩ። ያለፉትን ሦስት ክፍሎች በቃሌ ተረክሁላቸው። ረጅሙ ጥበቃ ሳይቀር በሩን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ «መምህር፣ ለሁለት ሦስት ቀን አውሰኝ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። አንባቢ አፈራሁ ብዬ ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን ስለ አያያዛችን ለፍርድ ቤት የሚሄድ ደብዳቤ ጽፈን በአንዱ ጋቢ ጠርዝ ውስጥ ሰፍተን ነበር። እሑድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ ገባ። ደብዳቤው ገና ከክፍሉ ሳይወጣ የጻፍነውን አንድ በአንድ ነገረን። ስማቸው በመጀመሪያ የተጻፈውን ሁለት ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ አልተነገረንም። ለሁላችንም ከቤት የሚመጣው ስንቅ ለሳምንት ተከለከለ።

«ከመሀላችን የተናገረ አለ» አለ ካቦው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ሰባት መጽሐፍ ጨርሻለሁ አላልክም? በል መርምር።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀኑን ሙሉ ይህን እስኪለኝ ስጠብቅ ነበር።

አንድ የዶርዜ ሸማኔ ሽማግሌ አብረውን ታስረው ነበር። ዝምተኛ ናቸው። ሁላችንም በአንድ ትሪ ስንበላ እሳቸው ብቻቸውን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ከረጅሙ ጥበቃ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጋሞኛ ያወራሉ። አባቴ ከሰሜን ተቀይሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ አርባ ምንጭ ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ፣ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። የማልሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ደብዳቤው መሰለኝ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሰበሰብኩ። እንደ ሻለቃው እየተንጎራደድኩ ማስረጃዬን ደረደርኩ። ለብቻው የሚበላ ሰው ከእኛ የተለየ ሰው ነው፤ ከጥበቃ ጋር የሚንሾካሾክ ሰው የሚሰጠው ነገር አለው። በመጨረሻ ጣቴን ቀሰርኩ። ሃያ ዓመት በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰው!

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁ። «ጨረስክ፣ መምህር?» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት መኝታቸውን ባልዲው ጋ አደረጉባቸው። ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ።

ሐሙስ ጥበቃው መጽሐፉን መለሰልኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ ወዲያው አልሄደም።

«ጥሩ መጽሐፍ ናት» አለ። «ግን ወረቀትህ ውስጧ ነበር። እኔም ሥራዬ ነው፤ ለአለቃ ሰጠሁ። ቅር እንዳይልህ።»

የደብዳቤው ረቂቅ! ያቆምኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝ ብዬ መሀል ላይ ከትቼው ረስቼዋለሁ። ይህን ከእስረኞቹ መሀል ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ብናገር የሁለቱ ጓደኞቻችን ዕዳ በእኔ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ዝም ብል ደግሞ የሚያጋልጠኝ የለም። ያን ቀን ዝም አልኩ። አፍርበታለሁ፣ ግን ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ለፀሐይ ስንወጣ ከቧንቧው ሥር የበቀለ ሣር ነጨሁ። የጋሞ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲወጡ እርጥብ ሣር እንደሚይዙ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ክፍላችን ስንመለስ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ባልዲው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ ደብዳቤውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ለእኔ አይደለም» አሉ። «ለሁሉም ተናገር። የሰደብከኝ ሰው ፊት ነው።»

ተነስቼ ለሁሉም ተናገርኩ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለ ካቦው። «ያንተ ወረቀት እንኳ ለቀቀ።» የሳቀ አልነበረም። ከመሀላችን አንዱ ከተወሰዱት የአንደኛው ዘመድ ነበር፤ ፊቱን አዞረብኝ፤ እስክፈታም አላናገረኝም። አልፈርድበትም።

ሽማግሌው ሣሩን ተቀበሉኝ።

«ለምን ለብቻዎ እንደሚበሉ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቅከኝ? ነገርከኝ እንጂ።»

ከዚያ እሳቸው ተናገሩ። በመሬት ወሰን ምክንያት ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው፣ በዱቡሻ፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት የዕርቅ ሜዳ ላይ፣ ሊታረቁ ቀን ተቆርጦ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ታሰሩ። «ሳልታረቅ ከሰው ጋር ብበላ ጎሜ ነው፣ መቅሰፍት የሚያመጣ ነውር። ጥፋቱ የኔ ሆኖ፣ በሽታው ለእናንተ ይተርፋል።» ከጥበቃው ጋር የሚነጋገሩት ለወንድማቸው መልእክት ለመላክ ነበር። እኛን ሊጠብቁ ነው ግድግዳ እያዩ የበሉት። አርባ ዓመት በኖርኩበት አገር ይህን ሳላውቅ ሻለቃ ነኝ ብዬ ተነሳሁ።

ምንጣፌን አንስቼ ባልዲው ጋ ዘረጋሁ፤ የእሳቸውን ወደ መሀል ወሰድኩ። ስንቅ የተፈቀደ ዕለት ከቤት የበቆሎ ኩርኩፋ መጣልኝ። ትሪው ጋ አልሄድኩም። የራሴን ሳህን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ከወራት በኋላ በደህና ተፈትተዋል። ሽማግሌው ከወንድማቸው ጋር ታርቀዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሰባቱም መጻሕፍት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አሉ። በየዓመቱ አነባቸዋለሁ፤ አንብቡ ብዬም እመክራለሁ። ሻለቃው ሰው ሰብስቦ የሚጠቁምበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን እንደ ድሮው አልቸኩልም። በየመጽሐፉ በመጀመሪያ በሐሰት የሚጠረጠር አንድ ሰው አለ። እውነቱ ሲወጣ ሁሉም ለሻለቃው ያጨበጭባል፤ ያ ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ ደራሲው ሁለተኛ አያነሳውም። እኔ መጽሐፉን አጥፌ ያ ሰው ተጠርጥሮ በሰነበተባቸው ቀናት የት ተኝቶ እንደነበር አስባለሁ።