ያጨበጨብንለት ልቅሶ

አዲስ አበባ እያለሁ በትልልቅ መድረኮች ስንት አንጋፋ ተዋናይ አይቻለሁ። ከዓይኔ የማትጠፋው ግን እዚህ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር አጠገብ በተከራየናት ጠባብ አዳራሽ የተወነች የቤት ሠራተኛ ናት።

ቴአትሩን ያዘጋጀነው ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነበርን። እሷ የምታርፈው ዓርብ ብቻ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት እንዲታይ ተስማማን። እሷ እናቷ የሞተችባትን ልጅ ትጫወታለች፤ እኔ መርዶ ነጋሪውን።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ወንድሟ ከደሴ ደወለልኝ። እናታቸው ሞታለች። ቴአትሩ ይቅር አልኩ። እዚህ ያሉት ትልልቅ የአገራችን ሴቶች ግን «መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ነገ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን። አሁን ብናስቀረው ትጠረጥራለች» ብለው ተቆጡኝ። እንዲህ ያለ ወግ ገደል ይግባ!

መድረክ ላይ «እናትሽ ዐርፋለች» አልኳት። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ በልምምድ ያልነበረ ሙሾ አወረደች። ተመልካቾቹ ሾፌሮችና ሴቶች ወሬው ደርሷቸው ነበርና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲያልቅ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እሷ ፊቷ በደስታ በርቶ ደጋግማ እጅ ነሳች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የአሠሪዎቿን በር አንኳኳን። ከፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «እናትሽ ዐርፋለች» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሳቀች። «ኧረ በቃ፣ ቴአትሩ እኮ ትናንት አለቀ!»

ከዚያ ከኋላዬ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየች። አላለቀሰችም። ሁላችንንም በየተራ አየችንና፣ «እያወቃችሁ ነው ያጨበጨባችሁልኝ?» አለች።