ከፋዩ ሌላ የነበረው ጉዞ

የምክር ቤቱን ስም አልጠራም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ነው፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ ነበርና ሐምሌ በመጣ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል።

አንድ ሰፊ የቡና እርሻ ያለው ባለሀብት የመሬት ጉዳይ ኮሚቴያችንን ሰብሳቢ አዲስ አበባ ወደሚካሄድ የቡና ኤግዚቢሽን ጋበዘ። እኔም ማስታወሻ እንድይዝ አብሬ ሄድኩ። እስከ ጅማ በመኪና፣ ከዚያ በአውሮፕላን። ኤግዚቢሽኑን ያየነው ግማሽ ቀን ነው። የቀሩትን ሦስት ቀናት ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አሳለፍን። ሁሉንም የከፈለው ባለሀብቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለት ነገር ባንድ ሰሞን መጣ። ባለሀብቱ እርሻውን ሸኮ አካባቢ ወዳለው ጫካ ለማስፋት ጠየቀ። ገበሬዎቹ ቡና የሚለቅሙበትና ቀፎ የሚሰቅሉበት ጫካ ነው። ምክር ቤታችንም አባልም ሆነ ሠራተኛ፣ የግል ሰው ወጪውን የሸፈነለትን ጉዞ በቅጽ እንዲያሳውቅና ቅጹ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ወሰነ። ቅጹን ተቀባይዋና ለጣፊዋ እኔ ሆንኩ።

በባለሀብቱ ጥያቄ ላይ ውይይት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቅጽ ብቻ ነው የቀረው። ነገ ጠዋት መለጠፍ አለብኝ።»

ተነስተው በሩን ዘጉት። «ለሥራ አይደል እንዴ የሄድነው?»

«ለሥራ ከሆነማ ቢጻፍ ምን ችግር አለው?»

«አንቺም እኮ አብረሽ ነበርሽ። የራስሽን ስም ነው የምታወጪው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ማን እንዳስገባሽ አትርሺ።»

አልረሳሁም። ለመቀጠሬ የተናገሩልኝ እሳቸው ናቸው። ባዶውን ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

የእሳቸውን ቅጽ መሙላት አልችልም፤ የራሴን ግን መሙላት ነበረብኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። የት፣ ለስንት ቀን፣ ማን ከፈለ። ቀጥሎ «አብረው የተጓዙ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ስደርስ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ባዶ ብተወው ዋሸሁ ማለት ነው። የሰብሳቢውን ስም ጻፍኩና ሳላነበው አጠፍኩት።

በማግስቱ ዝናብ ነበር። ለውይይቱ ከሸኮ በሚኒባስ የመጡት ገበሬዎች በረንዳው ላይ ተጠልለው ነበር። በእነሱ ፊት ቅጾቹን ለጠፍኩ። ነጠላቸው የረጠበ አንዲት ሴት ቀረብ ብለው፣ በሸኮ ቅላጼ «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም።

የኔን አነበብኩላቸው።

«ይቺ የሄደችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ጫካችንን የሚፈልገው ሰውዬ ነው የከፈለልሽ?»

«አዎ።»

«አለቃሽም ሄዷል?»

«አዎ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሰዎቻቸው ዞረው በቋንቋቸው አወሩ፤ ሁሉም ወደ ሰሌዳው ተጠጉ። ሰብሳቢው በመሃላቸው አልፈው፣ ሰሌዳውን በጨረፍታ አይተው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ስብሰባው ገና ሲከፈት ሴትዮዋ እጃቸውን አወጡ። «በሰውዬው ገንዘብ የሄደ ሰው ነው ዛሬ በእኛና በእሱ መሃል የሚፈርደው?»

እኔ ቃላቸውን እየጻፍኩ ስለነበር ቀና ማለት አላስፈለገኝም፤ ቢያስፈልገኝ ኖሮም አልችልም ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ጉዳይ ምክትሌ ይምራው» አሉና ፋይላቸውን ይዘው ወጡ። ከሰዓት ቅጻቸውን ሞልተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

ኮሚቴው በምክር ቤቱ መኪና ሄዶ ጫካውን በእግሩ ዞረ። ቀፎ ያለበት ወገን ሳይነካ ቀረ፤ ጫካውን ከሚያቋርጠው መንገድ በታች ያለው ግን ለባለሀብቱ ተሰጠ። የኔ ኮንትራት ሐምሌ ላይ አልታደሰም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሰብሳቢውን ባጃጅ ስጠብቅ አገኘኋቸው። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፤ እኔም የልጆቻቸውን። ባጃጁ ሲመጣ «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ። ቀደምኩ።