ተራዬን ፍለጋ ቁሐር ሚካኤል

በዩኒቨርሲቲው የአንጎል ምስል ምርምር ማዕከል የምንሠራ የፎገራ ልጆች ሁለት ነን፤ እኔና አበባው። ምስሎቻችንን የሚያሰላው ትልቁ ኮምፒውተር ግን አንድ ነው፤ እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ድርሻ አለን። የእኔ ሥራ ሳምንት ሙሉ ተራ ሲጠብቅ የአበባው አድሮ ያልቃል። ቅናት አንገበገበኝ። መቼም ኮምፒውተሩን ከሚቆጣጠሩት የኔትወርክ ኃላፊ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም!

ቅዳሜ ኃላፊው ወደ አበባው አባት ቤት መሄዳቸውን ስሰማ፣ ከወረታ ባጃጅ ይዤ ቁሐር ሚካኤል ድረስ ተከተልኳቸው። በግ ታርዶላቸው አገኛለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከአበባውና ከሦስት ተመራማሪዎች ጋር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በአባትየው ማሳ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ያርማሉ!

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ።

"ወንፈል ነዋ!" አለ አበባው። "ኮምፒውተሩንም እንዲሁ ነው የምናደርገው። የሁላችንንም ድርሻ በየተራ ለአንዳችን እንለቃለን።"

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ አረምኩ። ሲመሻሽ ኃላፊውን "ታዲያ የእኔ ተራ መቼ ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ዛሬ አይደል የገባኸው?" አሉኝ እግራቸውን እየታጠቡ። "ከሁላችን በኋላ ነዋ!"