በረግረጉ ላይ የሚያሸተው ሰውዬ

ስለ ሰውዬው መጀመሪያ የነገረችኝ ዳቦ ሻጯ ዲምፕና ናት፤ እሷ ግን ምን ታውቃለች? በዚህ ረግረግ ሲደርቅ እንደ እንጨት ለምድጃ የሚነድ አፈር እንደኔ ቆርጦ የከመረ የለም። አባቴም ቢሆን! ኧረ አባቴስ ወገቡን ያመው ነበር። ብቻ ሰላም ከወረደ ወዲህ አንድ ሽማግሌ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ሱፉን እንደለበሰ ይመጣል። ረጅም ብረት ጭቃው ውስጥ ይሰካና መዞ ጫፉን ያሸታል።

«ምን ጠፋብህ ወዳጄ?» አልኩት።

«ከእንግሊዝ ጋር ስንዋጋ የራሳችንን ልጅ ሰላይ ነው ብለን ገደልነው። እዚህ ስቀብረው ምልክት ያደረግኩት የማገዶ አፈር ክምር ነበር፤ አሁን ብረቱ ሬሳውን ከነካ ጠረኑ ይነግረኛል።»

«አይ የከተማ ሰው! ክምሩን እኮ ብርድ ሲገባ እኔው አንድጄ ሞቄዋለሁ!»

አብራው የመጣችው የሟቹ እህት ኑዋላ ሻይ አቀበለችው።

«ደሙን ትቼልሃለሁ» አለችው። «አጥንቱን ግን አልተውልህም። ጠጣና ፈልግ።»