አደይ ወደ ግራ የሚያዞሩት መዘውር

የጀሪካን ክዳን እያጠበቃችሁ መስሏችሁ፣ ለካ እየፈታችሁት የቆያችሁበት ጊዜ ገጥሟችሁ ያውቃል? እጅ የለመደውን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ ክዳኑም የራሱን። እኔን እንዲህ ያለ ነገር የገጠመኝ በመዘውር ነው። ያውም በሰው መዘውር፣ ያውም «አስተካከልኩት» ብዬ።

መቀሌ የመጣሁት ፊዚክስ ላስተምር ነው። ዓይናለም አካባቢ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጉድጓዱ የአከራዬ ኩራት ነው። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። እኔም ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ለመድኩት።

ውሃው የሚወጣው በመዘውር ነው። በሁለት ምሰሶ ላይ ወፍራም የብረት ቱቦ ተጋድሟል፤ ገመዱ እሱ ላይ ይጠመጠማል፤ በአንደኛው ጫፍ እጀታ አለው። ከእጀታው አጠገብ ጥርስ የወጣለት ክብ ብረት አለ፤ በጥርሶቹ ላይ ደግሞ ጣት የምታክል ብረት ተኝታለች። ባልዲው ሲወጣ ቀ፣ ቀ፣ ቀ እያለች ጥርሱን ታሳልፋለች፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ልመለስ ካለ ነክሳ ትይዘዋለች። አደይ «ምላስ» ይሏታል። ሁሉንም በይደው የሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው።

ባልዲው መሐል ላይ ሲደርስ አደይ እጀታውን ለቀው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ በአጥሩ በኩል ለሚያልፍ ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ካስፈለገም ትንሽ ያሙታል። ባልዲው ምላሷን ተማምኖ ተንጠልጥሎ ይጠብቃቸዋል።

ጉድጓዱን አጥብቃ የምትጠላው ልጃቸው ናት። ቁሓ የምትኖር ነርስ ስትሆን በየእሁዱ ትመጣለች።

«አደይ፣ አንድ ቀን ይጥልሻል። አንድ ነገር ይፈጠርና በማግስቱ በሲሚንቶ ባላስደፍነው!»

«እኔንም አብረሽ ድፈኚኝ» ይላሉ አደይ።

እሷ ስትሄድ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ባሌን ቀበርኩ፣ ልጆቼን ዳርኩ» አሉኝ አንድ ጊዜ። «እንግዲህ ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ የማዘው ይህን ባልዲ ብቻ ነው፣ ወደይ።» ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ግን በስልኬ ስለ ሸራ ጀልባ የሚያስረዳ ቪዲዮ አየሁ። ሸራውን የሚወጥረው ገመድ የሚጠመጠመው በመዘውር ላይ ነው፤ መዘውሮቹም እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ለምን? አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ይጠቀማል። ደግሞም አቅጣጫው አንድ ከሆነ፣ ማዕበል ሲነሳ ማንም ሰው በማንም ጀልባ ላይ ሳያስብ ገመዱን ጠምጥሞ መሳብ ይችላል። ሥርዓት ደስ ይለኛል። ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ከሰዓት ቤት ስመለስ አደይ ውሃ ያወጣሉ፤ በግራ እጃቸው፣ ወደ ግራ።

«አደይ፣ ይህ መዘውር እኮ የተገላቢጦሽ ነው የተሠራው።»

«ኣታ መምህር! ውሃው ይወጣል አይወጣም?»

«ይወጣል፤ ግን…»

«እንግዲያው ውሃው አልተገላበጠም።»

በዚያው ሳምንት ገመዱ ተበጣጠሰ። ቅዳሜ አደይ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ አዲስ ገመድ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት፤ እግረ መንገዴንም ወደ ቀኝ ሲዞር እንዲያወጣ በሌላው ወገን ጠመጠምኩት። ምላሷ ግን እሺ አላለችም። ጥርሶቹ ዘንበል ብለው የተሞረዱት ለግራ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሳዞር ነክሳ ያዘችኝ። ወደ ላይ አንስቼ በሽቦ አሰርኳትና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ምላስ፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይገለበጥ» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩ ላይ ስለጻፍኩ ነገሩ የተሠራ ያህል ተሰማኝ። ለአደይ ማታ የነገርኳቸው ስለ አቅጣጫው ብቻ ነው።

«አንተ ካልክ» አሉኝ። የተማረ ሰው ያከብራሉ።

እሁድ ጠዋት ባልዲውን ራሴ አውርጄላቸው፣ «ይኸው፣ ወደ ቀኝ» ብዬ ሸሚዜን ልተኩስ ገባሁ። ከውጭ ድምፃቸው መጣ።

«መምህር! ይህ ነገር ክንዴን ነው እንዴ ከጉድጓድ የሚያወጣው?»

ሳቅኩ። ቀ፣ ቀ የሚለው ድምፅ አለመኖሩ የተሰማኝ ከሳቄ በኋላ ነው። ካውያውን አስቀምጬ በሩ ጋ ስደርስ አደይ እንደ ልማዳቸው እጀታውን ለቀው ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ነበር።

መዘውሩ ጮኸ። እጀታው ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ዞረ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ነጥቆ ቀደደው፤ ባልዲው ከታች ውሃው ላይ ተከሰከሰ። አደይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ቆመዋል። ምንም አልነካቸውም። ልጃቸው ግን የግቢውን በር ከፍታ፣ ቲማቲም የያዘ ፌስታል እንዳንጠለጠለች ሁሉንም አይታዋለች።

«በቃ!» አለች። «ነገ ይደፈናል።»

አደይ የተቀደደውን ነጠላ ወደ ጀርባቸው ደበቁ። ወደ እኔ አላዩም። «እጄ አዳልጦኝ ነው» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እኔን ለመሸፈን ጉድጓዳቸውን እየሰጡ ነበር።

«አላዳለጣቸውም» አልኩ። «እኔ ነኝ።» ሽቦውን አሳየኋት፤ ገመዱን፣ ጥርሶቹን፣ ምላሷን በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንተ መምህር አይደለህ?»

«ነኝ።»

«የፊዚክስ?»

«አዎ።»

«ተማሪዎችህን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው።»

አደይ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ለሁለታችንም ያልነገሩንን ነገሩን። ዱሮ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ከደረት በላይ አልነሳ ብሏል። ባለቤታቸው ባዶውን መዘውር ተክለው፣ እሳቸውን አጠገቡ አቁመው፣ በግራ እጃቸው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አስዞሯቸው። «ወደ ቀኝ ሳዞረው ክንዴ እየተሸከመ ይወጣል፤ ወደ ግራ ሲሆን ግን ዝም ብዬ እጀታውን እደገፈዋለሁ፣ እሱ ይወርዳል። ‹እንግዲያው ጥርሱን ለግራ እሞርደዋለሁ› አለኝ። አንቺ ያኔ ለትምህርት ሄደሽ ነበር።»

ልጃቸው መዘውሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታይ ሆና አየችው።

ሸሚዜን ሳልተኩስ ገመዱን ፈትቼ በነበረበት ወገን ጠመጠምኩት፤ ሽቦውን ቆርጬ ምላሷን ፈታኋት። ባልዲውን ሞልቼ እስከ መሐል ካወጣሁ በኋላ ሁለቱንም እጆቼን ለቀቅኩ። ባልዲው ተንጠልጥሎ ቀረ። ነርሷ አሥር ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «እስቲ ዞር በል» አለችና በግራ እጇ ራሷ ሞከረች። ቀ፣ ቀ፣ ቀ። አንድ ባልዲ አወጣች። ሁለተኛውን ለምን እንዳወጣች ማንም አልጠየቃትም።

«ሲሚንቶው ይቆይ» አለች በመጨረሻ። «ምላሷን ግን በየእሁዱ እኔ ነኝ የማያት። እሱ እንዳይነካት!»

«አይነካትም» አሉ አደይ። «እሱ ሰሌዳ ላይ ይሣላት።»

እውነትም ሰኞ ዕለት እንደገና ሣልኳት። የጀልባዎቹ ሰዎች አልተሳሳቱም። እጃቸው ሳያይ የሚያውቀው ቀኝን ነው፤ የእኛ ግቢ እጅ የሚያውቀው ግራን። ይህንና የእሁዱን አደጋ ስናገር አንድ ተማሪ «መምህር፣ የተመታው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላ ነው አልኩት። አዲሱን ነጠላ ገዝቼላቸዋለሁ፤ አደይ ግን የሚለብሱት የተቀደደውን ሰፍተው ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ብስክሌት ገልብጣችሁ አቁሙና በሰንሰለቱ በኩል ሆናችሁ በቀኝ እጃችሁ ፔዳሉን አዙሩ፤ የኋላውን ጎማ አንድ ሰው በጥቂቱ ይያዝባችሁ። ወደ ቀኝ ስታዞሩት ሰንሰለቱ ጎማውን ይጎትታል፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት ቀ፣ ቀ የምትለዋን ስሟት፤ የምላሷ እኅት ናት። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ተሻገሩ፤ ያው ጎማ አሁን ወደ ግራ ነው የሚዞረው። በግራ እጃችሁ አዙሩት፣ ቀጥሎም በቀኛችሁ። ክንዳችሁ የቱ ላይ እንደሚደገፍ፣ የቱ ላይ እንደሚሸከም ልብ በሉ። እባካችሁ ሞክሩት፤ የማንንም መዘውር ከማስተካከላችሁ በፊት።