ጋሽ ለታ ዱላቸውን ያዋሱበት ገና

የላፍቶው ጋሽ ለታ ሮበሌ ስማቸው በጋዜጣ ወጥቶ፣ በሬዲዮ ተጠርቶ አያውቅም። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገና ተጫውተዋል። ለእኛም ለተጋጣሚዎቻችን ለመካኒሳዎችም የመጫወቻውን ዱላ ከወይራ ጠርበው፣ ቅቤ ቀብተው የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። «ለተጋጣሚ ደግሞ ለምን?» ስንላቸው «በእንጨት ብልጫ ማሸነፍ ምን ይጥማል?» ይላሉ።

አለቃችን ከሆኑ ወዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መካኒሳን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፍንም። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸውና «የመጨረሻዬ ነው፤ አሸንፌ ልሰናበት» አሉን።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ ገጠምን። አንድ ለአንድ እንደሆንን ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ቀጥሎ ያገባ ያሸንፋል ተባለ። ወዲያው የመካኒሳው አለቃ የጀማሉዲን ዱላ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ትርፍ ዱላ የላቸውም። ዱላ የሌለው ደግሞ ከሜዳ ይወጣል፤ ደንባችን ነው። ጀማሉዲን ከወጣ መካኒሳ አለቀላት! በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ጋሽ ለታ ስባሪውን አንሥተው አገላብጠው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ጉጥ ነበረበት። ስጠርበው አይቼ ምንም አይልም ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። የራሳቸውን ዱላ ለጀማሉዲን ሰጥተው እያነከሱ ከሜዳ ወጡ።

«አብደዋል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል። ጀማሉዲን ሩሯን፣ ያችን የቆዳ ኳሳችንን፣ በዚያው ዱላ አንዴ ቢመታት ገባች።

በገና ወግ ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ጀማሉዲን ምላሱ ምላጭ ነው፤ በየዓመቱ ጋሽ ለታን ሙልጭ አድርጎ ሲሰድባቸው ኖሯል። ያን ቀን ግን ዱላውን ታቅፎ አቀረቀረ።

ጋሽ ለታ ተቆጡ። «ምን ይዘጋሃል? ስደበኝ እንጂ! አርጅቷል ብለህ ልትምረኝ ነው?»

«አልችልም ጋሼ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንግዲያው ዱላዬን መልስ!»

ጀማሉዲን ዱላውን አጥብቆ ያዘና ጀመረ፦

«የላፍቶው ጠራቢ፣ ዱላ ላይ አንደኛ፣
ሜዳ ሲገባ ግን ጋደም ብሎ ’ሚተኛ!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ጋሽ ለታ ነበሩ። ጀማሉዲን ዱላውን ሊመልስላቸው ቢዘረጋ ግን እጁን ገፉት።

«ላንተ ይሁን» አሉት። «እሱ ጉጥ የለውም።»